«ተከሳሹ ተይዞ ይቅረብ!» ከቀጠሮ የቀረው ልጅና ዋስ የሆነችው አክስቱ

በዚህ ገጽ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ ወላጅና ልጅ ጠብ ብዙ ተባብለናል። የዛሬው ወጋችን ግን ወደ ፍርድ ቤት ደጃፍ ይወስደናል። ላወራችሁ የፈለግሁት በመዝገብ ላይ ስለምትጻፍ አንዲት አጭር ትእዛዝ ነው። «ተከሳሹ ተይዞ ይቅረብ» ትላለች። ሦስት ቃል ብቻ! ግን ስንቱን ጎረምሳ ከገዛ ሰፈሩ አስኮበለለች፣ የስንቱንስ ዋስ ደጅ አስጠናች መሰላችሁ!

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ለዝግጅት ክፍላችን አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጸሐፊው ማንነቱን የሚገልጽ ነገር እንዳላወጣ ስለለመነኝ የሚያስለየውን ሁሉ ትቼ በአጭሩ እነሆ፦

«ጋሼ፣ ዕድሜዬ 24 ነው። ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ። ከአምስት ወር በፊት ማታ ከጀለሶቼ ጋር ስንመጣ ፖሊሶች አስቁመው ፈተሹን። እኔ ኪስ ውስጥ ሁለት ጥቅል ሐሺሽ ተገኘ። ለራሴ ነው እንጂ ሻጭ አይደለሁም። በ10 ሺህ ብር ዋስ ተለቀቅሁ። ዋሴ አክስቴ ነች። አስተማሪ ስለሆነች በደመወዟ ፈረመችልኝ። ሁለት ቀጠሮ በደንብ ቀርቤያለሁ። የሦስተኛው ዋዜማ ላይ ግን አንዱ ጓደኛዬ ‹ነገ ከሄድክ እዚያው ነው የምትቀረው› አለኝ። አልሄድኩም። ሲም ካርዴንም አውጥቼ ጣልኩት። አሁን የማድረው ሳሪስ ሰው ቤት ነው። ሞያሌ የሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ በረዳትነት ሥራ አግኝቻለሁ። ልሂድ ወይስ ልቅረብ? ግራ የገባው ነኝ።»

መቼም እንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ ሲመጣ ምላሹን በጋዜጣ አውጥቶ መገላገል አይቻልም። መልእክቱን ያደረሰልኝን ሰው ይዤ ልጁን አገኘሁት። የማውቃቸውን አንድ ጠበቃም አማከርሁ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ በነዚያ ሳምንታት ያየሁትንና የተማርሁትን ነው።

«ቀላል ነገር ናት» የሚሏት ነገር

በመጀመሪያ ስለ ሐሺሹ እንነጋገር። በሰፈራችን ጎረምሶች ዘንድ ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው «ትንሽ ከሆነች ምንም አያደርጉህም» የሚል ነው። ሁለተኛው «ሻሸመኔ እኮ ይፈቀዳል» የሚል ነው። ሁለቱም የበርጫ ቤት ወሬ ናቸው። ጫት በአደባባይ ተዘርግቶ ይሸጣል፣ መንግሥትም ቀረጥ ይሰበስብበታል። ካናቢስ ግን በማንኛውም የኢትዮጵያ ከተማ፣ ሻሸመኔም ቢሆን፣ የተከለከለ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 ማምረቱንም፣ ማዘዋወሩንም፣ መጠቀሙንም በወንጀልነት ደንግጓል። «እስከዚህ ግራም ድረስ ይፈቀዳል» የሚል ነገር የለውም።

ይሁን እንጂ ሁሉም በአንድ ሚዛን አይመዘንም። በሻጭነትና በአዘዋዋሪነት መከሰስ ሌላ፣ በተጠቃሚነት መከሰስ ሌላ። በሕጋችን «ቀላል እስራት» ሲባል በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። «ጽኑ እስራት» ሲባል ደግሞ ከ1 ዓመት እስከ 25 ዓመት ይዘልቃል። ስለዚህ ክሱ በየትኛው ንዑስ አንቀጽ እንደቀረበ ማወቅ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ይህን የሚያውቀው ክሱን ያነበበ ጠበቃ ነው እንጂ ጀለስ አይደለም! የኛ ልጅ የክሱ ወረቀት በእጁ እያለ አንድም ቀን አላነበበውም። ጠበቃው ተቀብለው አገላብጠው ሲያዩት የተከሰሰው በተጠቃሚነት ነበር። ያ «እዚያው ነው የምትቀረው» ያለው ጓደኛ ወረቀቱን አይቶት እንኳ አያውቅም።

ስትቀር ምን ይሆናል?

የቀጠሮው ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ስም ይጠራል። ተከሳሽ የለም። ዳኛው ዓቃቤ ሕጉን ይጠይቃሉ፣ ከዚያም ትእዛዝ ይሰጣሉ። ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እግር አለው። አንደኛው ለፖሊስ ነው፦ ተከሳሹ ተይዞ ይቅረብ። ሁለተኛው ለዋሱ ነው፦ ተከሳሹን አቅርብ፣ ካልሆነም የዋስትናው ገንዘብ ለመንግሥት ገቢ የማይሆንበትን ምክንያት ቀርበህ አስረዳ።

ልብ በሉ! በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ፣ በዋስም የመፈታት መብት አለው። ፍርድ ቤቶቻችን ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠሩበት በኖሩት የሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ዋስትና ከሚከለከልባቸው ምክንያቶች አንዱ «የዋስትናውን ግዴታ አክብሮ አይቀርብም» ተብሎ መገመት ነው። ትናንት ዓቃቤ ሕጉ ይህን ለማስረዳት ብዙ መድከም ነበረበት። ዛሬ አንተው በመቅረትህ ማስረጃውን በገዛ እጅህ አስረከብኸው ማለት ነው።

«ታዲያ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ይረሳ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይረሳም። ፖሊስ ካጣው መዝገቡ «ተከሳሹ በተገኘ ጊዜ ይንቀሳቀሳል» ተብሎ ይቀመጣል። ተቀመጠ ማለት ሞተ ማለት አይደለም። ይርጋ የሚባል ነገር አለ፣ እውነት ነው። ነገር ግን ለመያዝ፣ ለመጥራት፣ ለመመርመር ትእዛዝ በተሰጠ ቁጥር ቆጠራው ይቋረጥና እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ክሱ ከ12 ዓመት በማያንስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ደግሞ ሥነ ሥርዓቱ ተከሳሹ በሌለበት እንዲታይ ይፈቅዳል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል። ግን መጥሪያ እንዳልደረሰው፣ ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር እንዳገደው ማሳየት አለበት። «ፈርቼ ነው» የሚል ምክንያት እዚያ ውስጥ የለም።

ዋስ የሆነው ሰውስ?

በድሮው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቁራኛ ይባላል። ዋስ የጠራ ግን ነጠላው ይፈታለት ነበር። ዛሬ ቋጠሮው ነጠላ ላይ አይደለም፣ ደመወዝ ላይ፣ የመኪና ሊብሬ ላይ፣ የቤት ካርታ ላይ ነው። አንተ ስትሮጥ የሚጎተተው ሌላው ነው።

ይህንን ያየሁት አክስትየው ቤት ነው። ልጁ ብቻውን መሄድ ስለፈራ አብሬው ሄድሁ። ከአንድ ወር በላይ አላያትም ነበር። በሩን ከፍታ ስታየው አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «ግቡ» ብላ ወንበር አቀረበች። ቡና እያፈላች ነበር። ዝም ብለን ተቀመጥን። በመጨረሻ እሱ፦

«እታለም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«ይቅርታውስ ይቅር የኔ ልጅ። ደብዳቤው ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው ‹የምን ክስ ነው?› አሉኝ። ምን ልበላቸው?» አለችው።

«ገንዘቡን ሠርቼ እከፍልሻለሁ።»

«ገንዘቡን መቼ ጠየቅሁህ? እኔ የፈረምሁት ‹ይቀርባል› ብዬ ነው። ስለ ብር አይደለም የፈረምሁት። ‹ይቀርባል› ብዬ ነው» አለችና ስኒዋን አስቀመጠች።

እሱ አንገቱን ደፋ። እኔም የምለው ጠፋኝ። ከዚያ ሁሉ የሕግ ምክር ይልቅ ልጁን ከሞያሌ መንገድ የመለሰው ይህች ንግግር ይመስለኛል። አክስትየው በሚቀጥለው ሳምንት ችሎት ቀርባ እንድታስረዳ ታዝዛ ነበር። ዘጠኝ ቀን ቀርቷታል። ያን ዕለት ማታ ሦስታችን ተነጋግረን አንድ ነገር ተስማማን። ዘጠኙን ቀን ሳይጠብቅ ራሱ ይቀርባል።

በገዛ እግር መቅረብ

ከሁለት ቀን በኋላ ማክሰኞ ጠዋት ከጠበቃውና ከአክስትየው ጋር ወደ ፍርድ ቤቱ ሄድን። መጀመሪያ የገባነው ሬጅስትራር ዘንድ ነው። መዝገብ ቁጥሩን ሰጥተን የመጨረሻው ትእዛዝ ምን እንደሚል አየን። ጠበቃው ያዘጋጁትን ማመልከቻ አስገባን። ከሰዓት በኋላ ችሎቱ ጠራን።

ዳኛዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «ቀጠሮውን አላወቅኸውም ነበር?» አሉት። «አውቄዋለሁ» አለ። «ታዲያ ለምን ቀረህ?» ዝም አለ። ጠበቃው ሊናገሩ ሲሉ ዳኛዋ በእጃቸው አስቆሟቸው። «ፈርቼ ነው ክቡር ፍርድ ቤት» አለ። ዳኛዋ ጥቂት ጻፉ። ዓቃቤ ሕጉ ዋስትናው እንዲነሳ ጠየቀ። ጠበቃው በፖሊስ ሳይያዝ በራሱ ፈቃድ መቅረቡን፣ ዋሱም ይዛው መቅረቧን አስረዱ።

ትእዛዙን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። ልጁ ያን ዕለት ወደ ቤቱ አልተመለሰም! የዋስትናው ጉዳይ እስኪወሰን በማረፊያ ቤት እንዲቆይ ተባለ። 11 ሌሊት አደረ። አክስትየው ከዋስትና እንድትወርድ ተፈቀደላት፣ ደመወዟም አልተነካም። በ11ኛው ቀን ልጁ በ20 ሺህ ብር ጥሬ ገንዘብ ዋስ ተፈታ። ገማሹን የጋራዡ ባለቤት አበደሩት፣ ገማሹ ከእናቱ ዕቁብ ወጣ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ አልቀረም። የእምነት ክህደት ቃል ሲጠየቅ ጥፋቱን አመነ። በመጨረሻ ስድስት ወር ቀላል እስራት ተፈረደበት፣ ቅጣቱም በሁለት ዓመት ገደብ ታገደለት። በገደቡ ጊዜ ሌላ ጥፋት ካጠፋ ገደቡ ሊነሳና ያችን ስድስት ወር ሊታሰራት ይችላል።

እንግዲህ ቁጠሩት። ሦስተኛው ቀን ቢቀርብ ኖሮ እነዚያ 11 ሌሊቶችም፣ ያ 20 ሺህ ብርም ባልመጡ ነበር። ሞያሌ ቢሄድ ኖሮ ደግሞ የአክስቱ 10 ሺህ ብር ከደመወዟ እየተቆረጠ፣ እሱ ፖሊስ ባየ ቁጥር እየደነገጠ ይኖር ነበር። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ!

ቀጠሮ ላለፈው ሰው ምክር

ይህ ጉዳይ የደረሰበት አንባቢ ካለ የሚከተለውን ልብ ይበል።

አንደኛ፣ ለዋስህ በዚያው ቀን ንገር። ዋስህ ከፍርድ ቤት ደብዳቤ ከመስማቱ በፊት ካንተ አፍ ይስማ። አብራችሁ ብትቀርቡ ለሱም ላንተም ይበጃል። ስልክ ቀይሮ መጥፋት ዋስን ከመካድ ይቆጠራል።

ሁለተኛ፣ መዝገብ ቁጥርህንና ችሎትህን እወቅ። ወረቀቱ ከጠፋብህ ሬጅስትራር በስምህ ፈልጎ ያገኘዋል። ትእዛዙ ምን እንደሚል ሳታውቅ በወሬ አትሸበር። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ከሌለህ ለፍርድ ቤቱ አመልክት። ጠበቃ ማጣት ፍትሕ የሚያጓድል ሲሆን መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ደንግጓል።

ሦስተኛ፣ እውነተኛ ምክንያት ካለህ ማስረጃውን ያዝ። ታመህ ተኝተህ ከነበረ የሐኪም ወረቀት፣ ሐዘን ላይ ከነበርህ የሚያስረዳ ሰው። ምክንያት ከሌለህ ግን እንዳትፈጥር! «ሃምሳ ብር ጨምርና የታመምህበት ወረቀት ይወጣልሃል» የሚሉ አሉ። በሐሰተኛ ሰነድ ከተያዝህ ከሐሺሹ የባሰ ሌላ ክስ ጨመርህ ማለት ነው።

አራተኛ፣ በሳምንቱ መጀመሪያ፣ በጠዋት ሂድ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቀርቦ ትእዛዝ የሚሰጥ ዳኛ ያጣ ሰው ቅዳሜና እሁድን የት ሊያድር እንደሚችል አስቡት። ልታድር ትችላለህና ጋቢና የጥርስ ብሩሽ ይዘህ ሂድ። ቤተሰብህም ይወቅ።

አምስተኛ፣ ተዘጋጅተህ ተናገር። የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው። ጠበቃህን ሳታማክር ለማንም ስለ ሐሺሹ ብዙ አታውራ። ለጠበቃህ ግን ምንም አትደብቅ። የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 82 ጥፋቱን ተቀብሎ የተጸጸተን፣ እጁን ለባለሥልጣን የሰጠን ሰው ቅጣት ለማቅለል በር ከፍቷል። ያ በር የሚከፈተው ቀድሞ ለመጣ ነው። ተጎትቶ ለመጣ ጠባብ ነው።

ስድስተኛ፣ ማጨሱ ልማድ ሆኖብህ ከሆነ ክሱን ለብቻው አትመልከተው። በገደብ የተለቀቀ ሰው ደግሞ ከተያዘ ሁለተኛ ዕድል አያገኝ ይሆናል። በየሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለ ሱስ የሚያማክሩ ሐኪሞች አሉ። እነሱ ዘንድ መሄድ ፋራነት አይደለም።

ዲቪ የምትጠብቁም ስሙ!

በየዓመቱ ዲቪ ሲሞላ የኖረ ወጣት ብዙ ነው። ዕጣው ወጥቶ ለአሜሪካ ኤምባሲ ፎርም ሲሞላ «ታስረህ ወይም ተፈርዶብህ ታውቃለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የፖሊስ የምስክር ወረቀትም ይጠየቃል፣ አሻራ ተሰጥቶ ነው የሚወጣው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የአደንዛዥ ዕፅ ጥፋት ቪዛ ያስከለክላል። ምሕረት ለመጠየቅ በር ያለው ከ30 ግራም ለማይበልጥ ማሪዋና፣ ያውም ለአንድ ጊዜ ብቻ ለተገኘ ነው። እሱም ቢሆን የሚፈቀደው ሁኔታው እየታየ ነው። «አሜሪካ እኮ በየሱቁ ይሸጣል» ብሎ የሚከራከር አለ። በርካታ ግዛቶች እንደፈቀዱ እውነት ነው። ቪዛ የሚሰጠው ግን የፌዴራሉ መንግሥት ነው፣ የፌዴራሉ ሕግ ደግሞ ማሪዋናን ሙሉ በሙሉ አልፈቀደም። ያለቀ መዝገብ ይዞ መቅረብና «ተይዞ ይቅረብ» የሚል የተንጠለጠለ ትእዛዝ ይዞ መቅረብ ደግሞ ሰማይና ምድር ናቸው። ያለቀውን ታስረዳለህ፣ ያላለቀው አሻራ ስትሰጥ ሊይዝህ ይችላል።

ወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው «ከቤቴ ውጣ» ማለት ሳሪስ ሰው ቤት እንዲያድር መገፋፋት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ምን አጨስህ?» ሳይሆን «ቀጠሮህ መቼ ነው?» ይሁን። ቀኑን ግድግዳ ላይ ጻፉት። ጠዋት ቀስቅሱት። ከተቻለም አብራችሁ ሂዱ። የሰፈር ልጅ ዋስ የምትሆኑ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት ቀጠሮውን ጠይቁና እናንተም ያዙት። ዋስ መሆን እየተከታተሉ ማስቀረብም ጭምር ነው።

አሁን ቀጠሮ አልፎበት በየጓደኛው ቤት የሚያድር ልጅ ይህን ጽሑፍ እያነበበ ከሆነ፣ ጋዜጣውን አጥፈህ መጀመሪያ ለዋስህ ደውል። ነገ ሬጅስትራር ዘንድ ሂድ። የሚያስቸግርህ ነገር ካለ እንደ ሁልጊዜው ጻፍልን።

ለሳምንት ሰው ይበለን። ቸር ሰንብቱ!